አምስት ክፍል ከጓሮ

ሚስቴ ዋሲላ ሪያድ ከገባች ዘጠኝ ዓመት ሆናት። በዚህ ሁሉ ጊዜ አንዴ ብቻ መጥታ አርባ አምስት ቀን አብራኝ ቆይታለች። ሰው ሲጠይቀኝ «አለች፣ ደህና ናት» እላለሁ፤ ሆዴ ግን «የት አለችና?» ይለኛል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ የሚባለው የኔ ትዳር ነው።

ስሜ ሀሚዱ ነው፤ ግንበኛ ነኝ። ሐይቅ ከተማ ውስጥ ከአረብ አገር በተላከ ገንዘብ ከተሠሩት ቤቶች የስንቱን መሠረት እንዳወጣሁ እኔም ረስቼዋለሁ። ሁሉም አንድ ናቸው። ፊታቸው በሴራሚክ ያብረቀርቃል፣ ሳሎናቸው ውስጥ ላስቲኩ ያልተላጠ ሶፋ ተቀምጧል፣ ባለቤቷ ግን የለችም፤ የሌላ ሰው ቤት ስትወለውል ትውላለች። እናት ወይም ባል ወይም ወንድም ቁልፉን ይዞ፣ አቧራውን እያራገፈ ይጠብቃታል። እዚህ አገር እንዲህ ያለ ቤት ዘግቶ ማስቀመጥ ነውር አይደለም። ነውሩ ማከራየቱ ነው። «ልጅቱ ሳታድርበት ሰው አሳደሩበት» ይባላል፤ ወሬው ደግሞ ውሎ አድሮ ሪያድ ይገባል።

የኛም ቤት እንደዚያው ነው። እሷ ገንዘቡን ላከች፣ እኔ ብሎኬቱን ደረደርኩ። ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ የሐይቁ ውሃ ወለል ብሎ በሚታይበት በኩል ነው፤ ሦስት መኝታ ቤትና አንድ ሰፊ ሳሎን አለው። እኔ የምተኛው ትንሿ መኝታ ቤት ውስጥ ነው። ሳሎኑን የምከፍተው አርብ አርብ ብቻ ነበር። አርብ አሠሪዎቿ ዘመድ ጥየቃ ስለሚሄዱ ዋሲላ ትንሽ ትተነፍሳለች። እኔ ከጁምዓ ስመለስ በኢሞ ቪዲዮ ትደውልና «ዙርልኝ» ትለኛለች። ስልኩን ይዤ ክፍል በክፍል አዞራታለሁ። መጋረጃውን ታስገልጠኛለች፣ ውሃውን ታያለች። «ዛሬ እንዲህ የጠራው ውሃው ነው ወይስ ስልክህን ጠርገኸው ነው?» ትላለች። የአርዲቦ ሐይቅ ዳር ልጅ ናት፤ ውሃ ሳታይ የዋለችበት ቀን አይቆጠርላትም።

ልጅ የለንም። ውጫሌ በአንዲት የኪራይ ክፍል ስንኖር፣ በተጋባን በዓመቱ፣ አንድ ጽንስ ወረደባት። ከዚያ ብዙም ሳትቆይ ሄደች። ይህ ቤት ሳይሠራ በመጣችበት አርባ አምስት ቀንም አላህ አልፈቀደም። ዘንድሮ ሠላሳ ስምንት ሞላት። በስልክ ስለ ቆርቆሮ እናወራለን፣ ስለ ጎረቤት እናወራለን፤ ይህን ግን አንዳችንም አናነሳውም። አለማንሳታችን ያልረሳነው መሆኑን ያሳብቅብናል።

ውሏ ከረመዳን ሁለት ወር ቀድሞ፣ በረጀብ ያልቅ ነበር። ረመዳንን አብረን ልንጾም ተነጋግረናል። አንድ ነገር ብቻ አሳስቧት ነበር።

«ልምጣ፤ ግን እንደነ እከሊት መጥቼ፣ በስድስት ወር ሻንጣዬን ተሸክሜ ልመለስ ነው? አንተ ሲሚንቶ ሲጠፋ ቁጭ ነህ። የወር ገቢ ይኑረን። ከጓሮ አምስት ክፍል ሥራና አከራይ፤ አስተማሪው፣ የጤና ጣቢያ ሠራተኛው ሁሉ ቤት እያጣ ይዞራል። አምስቱ ክፍል ካለ እኔ መጣሁ በል።»

ጓሮው ነበረን። ግንበኛውም እኔው ነኝ። የሌለን ገንዘቡ ነበር። እዚህ ከተማ ባለው ባንክ ከወለድ ነፃ የሚባለው ክፍል የሚሠራ ሰላሀዲን የሚባል ልጅ አለ፤ የአባቱን ቤት የሠራሁት እኔ ነኝ። አንድ ቀን ሻይ ቤት አግኝቶኝ ሳቀብኝ።

«ጋሽ ሀሚዱ፣ ካርታ ያለው ቤት ውስጥ ተቀምጠው ነው እንዴ ገንዘብ የለኝም የሚሉት?»

«ወለድ አልነካም» አልኩት።

«ማን ንኩ አለዎት? ቤቱን ያስይዛሉ። ባንኩ ሲሚንቶውን፣ ብረቱን፣ ቆርቆሮውን ራሱ ገዝቶ፣ ትርፉን አስቀድሞ ነግሮ ለእርስዎ ይሸጥልዎታል። በየወሩ እየከፈሉ ይጨርሳሉ። ብሩን ዓይንዎ አያየውም፤ የሚያዩት ሲሚንቶ ነው።»

ሲሚንቶ የሚሰጥ ባንክ ለግንበኛ ከዚህ በላይ ምን ይመጣለታል? እንደዚያም ሆኖ ሰፈራችን ያሉትን ሼህ ኑርዬን ሄጄ ጠየቅኋቸው። መንገዱ ሀላል እንደሆነ አስረዱኝና ፈገግ አሉ።

«ሰው የሄደች ሚስቱን ለመመለስ ሽማግሌ ይልካል፤ አንተ ደግሞ ሲሚንቶ ትልካለህ» አሉኝ። «በል አላህ ያሳካልህ።»

ዋሲላ የላከችልኝ ሙሉ ውክልና ነበረኝ፤ እሱንና ካርታውን ይዤ ገባሁ። የባንኩ መሐንዲስ መጥቶ ቤቱን ለካ። ግድግዳውን በጣቱ አንኳኳ፣ ጣሪያውን አየ፣ ማን እንደሠራው ጠየቀኝ። «እኔ» ስለው ቀና ብሎ አየኝ። ግምቱ ካሰብኩት በላይ ሆኖ ሲመጣ ደረቴ ተነፋ። ማታውኑ ጓሮ ወጥቼ አምስቱን ክፍል በእርምጃዬ ለካሁት፤ የእያንዳንዱ በር በየት በኩል እንደሚሆን ሁሉ ወሰንኩ። ለዋሲላ «ነገሩ ሊያልቅ ነው» ብዬ ድምፅ ላክሁላት። እሷም እየሳቀች «እኔም ሻንጣ ማየት ጀምሬያለሁ» አለችኝ። ያን ድምፅ ስንት ጊዜ እንደሰማሁት አልናገርም፤ ያስቅብኛል።

በሳምንቱ ሰላሀዲን ባንክ ጠራኝ። ፊቱ ጥሩ አልነበረም።

«ቤቱ ይበቃል ጋሼ፤ እንዲያውም ተርፎታል። ጥያቄው በየወሩ የሚከፈለው ከየት ነው የሚል ነው።»

«ከክፍሎቹ ነዋ። ከኪራያቸው።»

«ገና ያልተሠራ ቤት ኪራይ አይቆጠርም። የእርስዎ ሥራ ደግሞ አንድ ወር አለ፣ አንድ ወር የለም። የሚቆጠረው የባለቤትዎ ደመወዝ ነው። የሷ ውል በረጀብ ያልቃል። ለሁለት ዓመት አድሳ፣ የታደሰውን ትላክልን። ከዚያ ነገ ጠዋት ሲሚንቶው ይጫናል።»

መጀመሪያ ሳቅሁ።

«ሰላሀዲን» አልኩት፣ «እኔ ቤቱን የምሠራው እሷን ለማምጣት ነው። እናንተ ደግሞ እንዳትመጣ ካደረግሁ ነው የምትሰጡኝ።»

«ገብቶኛል ጋሼ። ደንቡን ያወጣሁት እኔ አይደለሁም» አለና አንገቱን ደፋ። ጥሩ ልጅ ነው፤ ልሰድበው ፈልጌ አልሆነልኝም።

ከዚያ ወጥቼ ውሃው ዳር ሄድኩ። ዓሣ አጥማጆቹ መረባቸውን ይፈታሉ፤ እኔ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ እንደ ሞኝ ለብቻዬ አወራለሁ። ለዋሲላ ብነግራት በዚያው ቀን ትፈርማለች። አውቃታለሁ። «ሁለት ዓመት ምን አላት?» ትላለች። እሷ እንደዚያ ናት፤ ሸክም ስታይ ትከሻዋን ነው የምታስቀድም። ሁለት ዓመት ግን ለኔ ሁለት ዓመት ብቻ አልነበረም። ሠላሳ ስምንት ላይ ሁለት ሲጨመር ስንት እንደሚሆን ለማወቅ ባንክ ቤት መሥራት አያስፈልግም። ስለዚህ ላልነግራት ወሰንኩ። ጎበዝ ነኝ ብዬ ያሰብኩት እዚህ ላይ ነው።

ያሰብኩት እንዲህ ነበር። ባንኩ ያን ያህል የገመተው ቤት ተከራይም ይገምተዋል። ትልቁን ቤት ባከራየው የአምስት ክፍል ገቢ ያመጣልኛል፤ ከባንክም ከውልም ነፃ ነኝ። እኔ ጓሮ ካለችው እቃ ቤት እገባለሁ። አካፋዬንና ጎማ ጋሪዬን የማስቀምጥባት ክፍል ናት፤ ግድግዳዋን ብለስነው፣ ወለሏን ሊሾ ባደርገው ሁለት ሰው አታንስም። ውጫሌ እያለን የነበርንባት ክፍል ከዚያች አትበልጥም ነበር፤ ከዚያች ክፍል ወዲህ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አድሬ አላውቅም። ዋሲላ ትመጣለች፣ ገቢው አለ፣ ረመዳን ይገባል። ማንንም አላማከርኩም።

ተከራዮቹ በሳምንቱ ተገኙ። ሰዓድ የሚባል መድኃኒት ቤት የከፈተ ሰውና ባለቤቱ ዑምኩልሱም ናቸው። እሷ ጤና ጣቢያ ነርስ ናት። የአራት ወር ሴት ልጅ አለቻቸው፣ ኢንሳፍ ትባላለች። የሶፋውን ላስቲክ የላጥኩት እኔ ራሴ ነኝ። ሲቀደድ የሚያወጣው ድምፅ ቅር አሰኘኝ፤ ቢሆንም «ለራሷ ብዬ ነው» አልኩና ጨረስኩት። ጎረቤቱ በአጥር በኩል አየኝ፣ ማንም ምንም አላለኝም። ሼህ ኑርዬ ብቻ ከመስጊድ ስንወጣ ክንዴን ያዝ አደረጉኝ።

«ነግረሃታል?»

«ስትመጣ ታየዋለች።»

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ብለውኝ ሄዱ።

ሦስት አርብ አመለጥኳት። የመጀመሪያው አርብ ኔትወርክ የለም አልኩ። ሁለተኛው ውጫሌ ሥራ ላይ ነኝ አልኩ። ሦስተኛው የስልኬ ካሜራ ተበላሸ አልኩ። በአራተኛው ቀልዱ አለቀባት።

«ካሜራው ከተበላሸ ያንተ ፊት እንዴት ታየኝ? ዙርልኝ አልኩህ።»

በሩን አንኳኳሁ። ምን ላደርግ? ዑምኩልሱም ከፈተችልኝና በስልኩ ላይ ሴት ስታይ ፊቷ በራ። ዋሲላ አለማወቋን በምን ትወቅ?

«የቤቱ ባለቤት ናት? አሰላሙ ዐለይኩም እቴ፤ ግቢ፣ ግቢ» ብላ ስልኩን ከእጄ ወሰደችው።

እኔ በሩ ላይ ቀረሁ። ዋሲላ ሰላምታውን ስትመልስ ሰማሁ። ድምፅዋ ደህና ነበር። ኢንሳፍ ሶፋው ላይ ተኝታ ነበር መሰለኝ፣ «ማሻአላህ፣ እስኪ ቅርብ አድርጊልኝ» ስትል ሰማኋት። ቀጥላ «እያየችኝ ነው» አለችና ሳቀች። ያን ሳቅ ከሰማሁት ስንት ዓመቴ ነው። አልፏል፣ ወዳዋለች፣ አልኩ በልቤ። ስልኩን ተቀብዬ ወደ ጓሮ እየሄድኩ ሳለሁ ጠየቀችኝ።

«እንግዶች ናቸው?»

«ተከራዮች ናቸው።»

«አንተ የት ነው የምታድረው?»

«እዚችው እቃ ቤት።»

«አሳየኝ።»

አሳየኋት። አልጋውን፣ ቡታጋዟን፣ ጥግ ላይ የተደገፈውን አካፋ አየች።

«እኔ ስመጣ የምገባው እዚህ ነው?»

«እንደ ውጫሌዋ ክፍል ናት ብዬ ነው» አልኳት።

«ውጫሌ እያለን የሃያ ሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ ሀሚዱ።» አልጮኸችም፤ ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። «ዘጠኝ ዓመት የሰው ሶፋ ስጠርግ፣ አንድ ቀን በራሴ ሶፋ እግሬን ዘርግቼ እቀመጣለሁ እያልኩ ነው። አንተ አርብ አርብ ነው የምታዞረኝ፤ እኔ በየቀኑ ነው የምዞረው። እንቅልፍ ሳጣ ያን ቤት ነው የምዞር። የመብራቱ ማብሪያ በየት በኩል እንደሆነ ሳልነካው አውቀዋለሁ። አሁን አርዲቦ ምን ይባላል? ዘጠኝ ዓመት ሠርታ ከእቃ ቤት ገባች ይበሉኝ? የቆጡን አወርድ ብለህ የብብትህን ጣልህ።»

እኔም ተናደድኩ፤ ጥፋተኛ ስሆን ቁጣ ይቀናኛል። ሁሉንም ዘረገፍኩት። ባንኩ ቤቱን እንደወደደው፣ እሷን ሁለት ዓመት እዚያ ካላስቀመጥኩ ሲሚንቶ እንደማይሰጠኝ ነገርኳት።

«እንዴት ብዬ ልጠይቅሽ?» አልኳት። «ናፍቀሽኛል። ቤቱ አይደለም የናፈቀኝ፤ ቤቱማ ይኸው ቆሟል። አንቺ ነሽ የናፈቅሽኝ። እቃ ቤትም ይሁን ዛፍ ሥር ብቻ አጠገቤ ሁኚ። በኪራዩ ቀስ እያልን አምስቱን ክፍል እንሠራለን። ሁለት ዓመት ብቻ እዚህ እንታገሥ።»

«ጠይቀኸኝ ቢሆን እፈርም ነበር።»

«ለዚያ ነው ያልጠየቅሁሽ።»

አለቀሰች። እኔም ስልኩን ወደ ጣሪያው አዞርኩት፤ ፊቴን እንድታየው አልፈለግሁም። የአሠሪዋ መኪና ስትገባ ሰማችና «ቸው» ብላ ዘጋችው።

ሦስት ቀን አልደወለችም። እኔ ስደውል አታነሳም። በአራተኛው ቀን ሐይቅ መውጫ ላይ የሰው አጥር እየገነባሁ ስልኬ ጮኸ፤ ፎቶ ነበር። በአረብኛ የተጻፈ ወረቀት፣ ከታች ፊርማዋና የጣቷ አሻራ ይታያል። ተከትሎ ድምፅዋ መጣ።

«ሀሚዱ፣ ፈርሜያለሁ። ለዚያ ልጅ ስጠው። አትቆጣኝ። ባዶ እጄን መጥቼ እንደገና ካንተ ከምለይ አንዴ ልጨርሰው። ሁለተኛ መለየት አልችልም። ሰዎቹን እንዳታስወጣቸው፤ ሕፃን ይዛ የት ትሄዳለች? ክፍሎቹ ሲያልቁ ወደዚያ ይዛወሩ፣ ያኔ ቤቴን ዝጋልኝ። ሁለት ዓመት ምን አላት።»

የመጨረሻዋን ስትናገር ድምፅዋ ተሰበረ። አካፋዬን ጣልኩና በጀመርኩት ግንብ ላይ ተቀመጥኩ። የምቀደው ወረቀት እንኳን አልነበረኝም፤ ፎቶ አይቀደድም። አብሮኝ የሚሠራው ሰው ምን ሆንክ ሲለኝ «ሲሚንቶ ተገኘ» አልኩት።

ሰላሀዲን ወረቀቱን ሲቀበለኝ እንኳን ደስ ያለዎት አላለኝም፤ ለዚህ እድሜ ልኬን አመሰግነዋለሁ። ጭነቱ በሳምንቱ ደረሰ። መሠረቱ የሚቆፈር ዕለት ሼህ ኑርዬና ጎረቤቶቻችን ተሰብስበው ዱዓ አደረጉ። «አላህ የቤቱን ባለቤት በሰላም ያምጣት» ሲሉ አሚን ያላለ የለም። የኔ አሚን ዘግይቶ ነው የወጣ። ከዚያ ሥራዬን ጀመርኩ። እድሜዬን ሙሉ የሰው ቤት ስሠራ እንዲህ ተጨንቄ ውኃ ልክ አስቀምጬ አላውቅም። አንዷ ብሎኬት ትንሽ ካዘመመች አፈርሳታለሁ። እሷ ሁለት ዓመት የሰጠችበት ግድግዳ ተጣሞ ቢያድር እንቅልፍ አይወስደኝም።

ባለፈው አርብ ግድግዳው ወገቤ ጋ ደርሶ ነበር። ዋሲላ ደወለች፤ ሳሎኑን አላነሳችም። አምስቱን ክፍል አንድ በአንድ አዞርኳት። «ይህኛው ሰፋ አላለም?» «መስኮቱን ወደ ውሃው አድርገው፣ ተከራይም ሰው ነው» እያለች ስታዝዘኝ ደስ አለኝ። አንድ ነገር ልትል ፈልጋ እንደቸገራት ገባኝ።

«ያች ነርሷ አለች?»

«አለች፣ ዛሬ ተረኛ አይደለችም።»

«አንድ ነገር ጠይቅልኝ። እኔ አፈርኳት።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «የአርባ ዓመት ሴት ትወልዳለች ወይ በላት። የመጀመሪያዋን ማለቴ ነው።»

በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ይህን ስታነሳ የመጀመሪያዋ ነው።

«እሽ፣ አሁን መጣሁ» አልኳት።

ስልኩን ብሎኬት ላይ አቁሜ ወደ ትልቁ ቤት ሄድኩ። ከውስጥ ኢንሳፍ ታለቅሳለች፣ እናቷ እሹሩሩ ትላታለች። እጄን ለማንኳኳት አነሳሁና መለስኩት። የሰው ሚስት እንዲህ ያለ ነገር መጠየቅ አፍሬ ነው ብል እዋሻለሁ፤ የጤና ሰው ናት፣ ትመልስልኝ ነበር። መልሱን ነው የፈራሁት። አንድ ሰው ጠይቆ፣ ሰምቶ፣ አመስግኖ እስኪመለስ ድረስ ባለው ጊዜ ያህል በሩ ላይ ቆምኩ። ከዚያ ተመልሼ ስልኩን አነሳሁት። ዋሲላ ዓይኗን ከስክሪኑ አልነቀለችም ነበር።

«ምን አለች?»

«ትወልዳለች አለች። ኧረ ስንት አሉ፣ እኔው ራሴ አዋልጃለሁ አለች። አብሽሪ አለችሽ።»

ትንፋሿን ስታወጣ ሰማሁት። ፈገግ አለች፤ ከዚያ ፈገግታዋን ያዝ አደረገችና ትኩር ብላ አየችኝ።

«ወላሂ በል።»

«ወላሂ» አልኳት።